በልግን ከሰሌዳው ለሰረዘው ጽሕፈት ቤት ከወሎ ደጋ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በወሎ ደጋ ነዋሪ የሆንንና ቤታችንን ከየካቲት ጀምሮ በሚጥለው የበልግ ዝናብ አርሰን የምናስተዳድር አርሶ አደሮች ነን። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪና የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ጸሐፊ ብሆንም ቃሉ የሁላችንም ነው። አባላቱ ተሰብስበው ያሉትን ነው የጻፍኩት፤ አንዳንዱን ቁጣ ብቻ አለዝቤዋለሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳን በቀበሌ ስብሰባ ላይ የተነበበልን የጽሕፈት ቤትዎ ሰርኩላር ነው። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና የግብዓት ብድር ከእንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከግንቦት ጀምሮ፣ በአንድ ወጥ የጊዜ ሰሌዳ ይሠራጫል ይላል። ምክንያቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል፦ «የበልግ ምርት አስተዋጽኦ አነስተኛ በመሆኑ ራሱን የቻለ ዕቅድ አያስፈልገውም»። ከሰርኩላሩ ጋር የአካባቢያችንን መልክዓ ምድር፣ ሕዝብና ኢኮኖሚ የሚገልጽ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ተያይዟል። በዚያ ጽሑፍ መሠረት እኛ «ኑሮው በመኸር እርሻ ላይ የተመሠረተ» ሕዝብ ነን። ሰርኩላሩ የተወለደው ከዚህ መግለጫ ስለሆነ መልሳችንም ከዚያው ይጀምራል።

መግለጫው አካባቢው «ተራራማ» መሆኑን ይናገራል። እውነት ነው፣ ነገር ግን ተራራው የት እንደቆመና ምን እንደሚሠራ አይናገርም። የወሎ ደጋ ከአፋር ሜዳ በስተምዕራብ ቀጥ ብሎ የሚነሣ ግድግዳ ነው። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ሰው 2,500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከደሴ ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ 3,000 ሜትርን ያለፈ አምባ ይመጣል። በሰሜን፣ ላስታ ላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፣ በሽሎ አምባውን ሰንጥቆ ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሣል። በየካቲትና በመጋቢት ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ይህን የምሥራቁን ግድግዳ ሲመታ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ጎጃም በበጋ ፀሐይ በሚቃጠልበት ወር እኛ ዘንድ ደመና የሚያንዣብበው በዚህ ምክንያት ነው። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትም ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ በሦስት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ትንበያ ያወጣል። ሰማዩን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚያውቀውን ወቅት ምድሩን የሚመለከተው እንዴት ሊያጣው እንደቻለ አልገባንም።

«ታዲያ ክረምት አይዘንብላችሁምን?» የሚል ጥያቄ በስብሰባው ላይ ከጽሕፈት ቤትዎ በመጡት ባለሙያ ቀርቦልናል። ይዘንባል፣ ከሚፈለገው በላይ ይዘንባል። ከአምባው ላይ ያለው መሬት አብዛኛው ዋልካ፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ይቋጥራል፣ በሬ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፣ የተዘራው ሥሩ ይበሰብሳል። ከዚያ የተረፈውን በረዶ ይመታዋል። ከበረዶው ያመለጠው ፍሬ ሊይዝ ሲል የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል፤ ማታ አረንጓዴ የነበረ የባቄላ ማሳ ጠዋት የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። በቆላና በወይና ደጋ ያለ ዘመዳችን መኸሩን ተማምኖ ሊያድር ይችላል። ለደጋው ግን የዓመቱ የተሻለው ዕድል በጥር መጨረሻና በየካቲት ተዘርቶ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የሚታጨደው ገብስ ነው። አባቶቻችን በልግን የያዙት መሬቱና ብርዱ ስላስገደዳቸው ነው።

ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

አንደኛው የማዳበሪያው ጉዳይ ነው። ሰርኩላሩ ከመውጣቱ በፊትም ቢሆን በጊዜው ደርሶን አያውቅም፣ አሁን ግን መዘግየቱ ሕግ ሆነ። የበልግ ገብስ ቀጠሮ የማይቀየር ነው። ዘሩ ሁለት ሳምንት ከዘገየ በግንቦት ዝናቡ ሲቆራረጥ ገና አበባ ላይ ይገኛል፤ ከዚያ ተርፎ ቢደርስ እንኳ አጨዳው ዋናው ክረምት ውስጥ ይገባል። ነዶው ሳይደርቅ ይከመራል፣ ክምሩ ውስጡ ይሞቃል፣ ገብሱ በዛላው ላይ ይበቅላል። አውድማው ጭቃ ነው፣ በሬ ቢነዳበት ምርቱ ከጭቃ ጋር ይቦካል። እንግዲህ ማዳበሪያው በግንቦት መጨረሻ ወረዳ ከተማ ሲደርስ የእኛ ገብስ ዛላ አውጥቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ወረዳ ከተማ ደረሰ ማለትም ቀበሌ ደረሰ ማለት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ትልቁን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ የወረዱባቸውና የወጡባቸው ገደሎች ዛሬም እዚያው ናቸው። ከዋድላ ወደ ጅጣ ሸለቆ መውረድ፣ ወደ ደላንታ ሜዳ መውጣት፣ ወደ በሽሎ እንደገና መውረድ፣ ከዚያ መቅደላን መያዝ ነው። ጉዞው ወራት የፈጀባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ በዋናው መስመር መኪና ይሄዳል፣ ከዋናው መስመር ወዲያ ግን ማዳበሪያ የሚጓጓዘው በአህያ ነው። በሰኔ ደግሞ አህያዋም ቁልቁለቱን አትደፍረውም።

አንድ ጉዳይ እንጥቀስ። የማኅበራችን አባል የሆነች ባሏ የሞተባት እናት ከሁለት ዓመት በፊት በብድር አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ወሰደች። በዝርዝሩ ላይ ለበልግ ተብሎ ተመዝግቦላታል፤ የደረሳት ግን በሰኔ ነው። ለዋልካው መኸር አይሆናትም፣ መመለስም አልተፈቀደላትም። ለመጪው በልግ ብላ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስቀመጠችው። ክረምቱን እርጥበት ሳበና ድንጋይ ሆነ። በጥር ልጆቿ ከዘነዘና ጋር ታግለው ሰበሩት፣ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ጓል የሆነውን በማሳው ላይ በተኑት፤ ገብሱ የበቀለው አንዱ ጋ ጠቁሮ ሌላው ጋ ገርጥቶ ነው። ብድሩን ግን ከነወለዱ፣ ለአንዲት ቀን እንኳ ሳያዘገዩ ተቀብለዋታል። በብድር ውሏ ላይ የማስረከቢያ ቀን የሚባል ቦታ አለ፣ ባዶ ነው። የመክፈያው ቀን ግን ተሞልቷል።

ሁለተኛው የክፍያ ጊዜ ነው። የመሬት መጠቀሚያ ግብርና የብድር ተመላሽ የሚጠየቀው መኸር ተሰብስቦ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ አለ ተብሎ በሚታሰብበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ለመኸር አምራች ትክክል ነው። እኛ ግን በዚያ ወር ለዘር ያስቀመጥነውን ገብስ እየጠበቅን ነው ያለነው። ስለዚህ ወይ ዘሩን እንሸጣለን ወይ በጎቹን። ሁሉም ደጋ በአንድ ሳምንት በጎቹን ይዞ ገበያ ሲወርድ ነጋዴው ዋጋ አይጠይቅም፣ ይናገራል እንጂ። ያረገዘች በግ በዚህ መንገድ የተሸጠባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ደጋ ላይ በግ ሥጋ ብቻ አይደለችም፤ ፀጉሯ ዝተትና ባና የሚባል የሱፍ ልብስ ሆኖ ይሸጣል፣ ፋንድያዋ ለጓሮው ይሆናል፣ ሰው ሲታመም ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው ገንዘብም እርሷ ናት። ሰርኩላሩ ላይ ግን «እንስሳት ሀብት» ከሚል ርዕስ ሥር ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛው የሥራ ጊዜ ነው። ከ1997 ጀምሮ ብዙዎቻችን እየሠራን እርዳታ በምናገኝበት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈናል። እርዳታውን አናቃልም፣ በክፉ ዓመት ነፍስ አድኗል። ነገር ግን የማኅበረሰብ ሥራው የሚሠራው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ሐሳቡ የገበሬው እጅ በበጋ ሥራ ይፈታል የሚል ነው። የእኛ እጅ የሚፈታው ግን በበጋ አይደለም! በየካቲት እየዘራን፣ በሚያዝያ እያረምን ነው። አንድ አባወራ በየካቲት ጠዋት እርከን ሊሠራ ወይ ማሳውን ሊዘራ መምረጥ አለበት። እርከኑን ከቀረ ከክፍያው ይቀነስበታል፣ ዘሩን ከቀረ የዓመቱ ቀለብ ያልፈዋል። አቅም ያለው በወንፈል ይሸፍናል፤ ሴት የምትመራው ቤት ግን የምትልከው ሰው የላትም። እርከን ጥሩ ነገር ነው፤ የጠየቅነው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እንዲሆን ብቻ ነው፤ ጥያቄውን ለወረዳ አቅርበን መልስ አላገኘንም።

አራተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደን፣ የቁጥሩ ነገር ነው። «አስተዋጽኦው አነስተኛ» የተባለው ከአገር አቀፍ ድምር ተወስዶ ነው። በአገር ደረጃ የበልግ ምርት ከዓመቱ የእህል ምርት ውስጥ አሥር በመቶ እንኳ እንደማይሞላ እናውቃለን፤ ለተማሪዎቼም አስተምራለሁ። ከዚሁ ድምር ውስጥ ግን በወሎ ደጋ ከዓመት ቀለባቸው ከግማሽ በላዩን ከበልግ የሚያገኙ ቀበሌዎች አሉ። የአገሪቱ አማካይ ለእኛ ማሳ ምንም አይነግረውም።

አቆጣጠሩም ራሱ ይታይ። በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ አሠራር በልግ የሚባለው ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የተሰበሰበው ሰብል ነው፤ ከመስከረም እስከ የካቲት የተሰበሰበው መኸር ይባላል። የሚቆጠረው የታጨደበት ወር እንጂ የበቀለበት ዝናብ አይደለም። በቆቦ፣ በቃሉና በሌላውም ቆላ በሚያዝያ የሚዘራው ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ የሚበቅለው በበልግ ዝናብ ነው፤ የሚቆረጠው ግን በኅዳር በመሆኑ በመኸር ሂሳብ ይገባል። በልጉ ሲቀር ገበሬው ያንን ማሽላ ትቶ ቶሎ የሚደርስ፣ ምርቱ ያነሰ ዘር ለመዝራት ይገደዳል። በሬዎቻችን በሰኔ ለመኸር ሞፈር የሚስቡት ጉልበት ያገኙት በበልግ ከበቀለ ሣርና ከበልግ ጭድ ነው፣ ይህም በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም። ስለዚህ በልግ በወረቀት ላይ ያነሰው ሲቆጠር ስላነሰ ነው።

በልግ ቀርቶ ምን እንደሚከተል ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። የ1977ቱ እልቂት የጀመረው መኸር ሲጠፋ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የ1976ቱን በልግ ይጠይቅ፤ ዘሩ ሳይበቅል ቀረ፣ ክረምቱም ተከተለው። በ1991 እንደዚሁ በልጉ ከሽፎ ደጋው ተራበ። በ2007 በልጉ ቀርቶ ክረምቱም በኤልኒኞ ሲመታ አገሪቱ በብዙ ሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ እርዳታ ጠየቀች። የበልግ ግምገማ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰርኩላሩ ግን የምግብ ዋስትና ግምገማውንም «ከመኸር በኋላ በአንድ ላይ» እንዲሆን ወስኗል። በሰኔ የተራበ ሰው ስሙ በኅዳር ይመዘገባል ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱን በአጭሩ ልጥቀስ፣ ሥራዬ ነውና። በየካቲት ዘር ሲዘራና በሰኔ ገብስ ሲታጨድ ከክፍሌ ልጆች ይጎድላሉ፤ ሰኔ ደግሞ የፈተና ወር ነው። ለዚህ ጽሕፈት ቤትዎን አንወቅስም።

ሕዝቡን በሚመለከት መግለጫው «የአካባቢው ማኅበረሰብ የእርዳታ ጠባቂነት አመለካከት ይስተዋልበታል» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር በስብሰባው ላይ ያነበበው ልጅ መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁን ቀነሰ። እዚህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (እድር) ይቀባበራል፣ አንዱ ቤት ሲቃጠል ሌላው እንጨት ይዞ ይመጣል። ዝናብ ሲዘገይ ቄሶቹ ምህላ ይይዛሉ፣ ሼሆቹ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ደመና ነው። ዘር ያለው ለሌለው በእኩል ያበድራል። ልጆቻችን አረብ አገር የሄዱት ጠባቂ ስለሆኑ አይደለም፤ በ2006 ከሳዑዲ ከተመለሱት ብዙዎቹ ተመልሰው የገቡት ወደ እነዚሁ ቀበሌዎች ነው፣ ያገኙትም ያንኑ ዘግይቶ የሚደርስ ማዳበሪያ ነው። አንድ ሕዝብ ጠባቂ ሆነ ከመባሉ በፊት ምን እንዲጠብቅ እንደተደረገ ይጠየቅ።

በዚሁ ላይ ስለ ኦፓል የተጻፈውን ሳናነሣ አናልፍም። መግለጫው አካባቢው «የከበረ ማዕድን ባለቤት» መሆኑንና ወጣቱ «አማራጭ የገቢ ምንጭ» እንዳለው ያትታል። በ2000 ከወገልጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ የወሎ ኦፓል በዓለም ገበያ ስም ማውጣቱ እውነት ነው። ድንጋዩ የሚገኘው ግን ከገደሉ ወገብ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ አለት መሐል በተኛ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ልጆቹ በገደሉ ፊት በጠባብ መንገድ ሄደው በመዶሻና በዶማ ወደ ጎን ይቆፍራሉ፣ ጣሪያውን የሚደግፍ ነገር የለም። ተደርምሶባቸው የቀሩ አሉ። ጥሬውን ድንጋይ ገዝቶ የሚሄደው ነጋዴ ነው፣ የተጠረበው ዋጋ ወደ አምባው አይመለስም። ወጣቱ ወደዚያ ገደል በብዛት የሚወርደው በልግ በከሸፈ ዓመት መሆኑን ማንም የአካባቢው ሰው ይነግርዎታል። አማራጭ የተባለው ይህ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ጥያቄዎቻችን የሚከተሉት ናቸው።

ሰርኩላሩ ለበልግ አምራች ቀበሌዎች እንዳይሠራ በጽሑፍ ይታገድልን። የበልግ ማዳበሪያና ዘር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከገደሎቹ ወዲያ ባሉት የማኅበራት መጋዘኖች ይግባ። የምንጠይቀው ዘርም ቶሎ የሚደርስ ገብስና ምስር ነው፤ የመኸር ስንዴ ተቀይሮ እንዳይላክልን። በዚህ ጉዳይ ስሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከእኛ ጋር ማሳ ላይ ቢወርዱ ደስ ይለናል፣ መኝታና ምሳ ከእኛ።

ከወቅቱ ውጭ የተሰጠ ማዳበሪያ ብድር ወለዱ ይሰረዝ፣ ዋናው ለሁለት የበልግ አጨዳ ይከፋፈል። ከእንግዲህ በእያንዳንዱ የብድር ውል ላይ የማስረከቢያው ቀን ይሞላ፣ ቀኑ ካለፈ ገበሬው ያለመቀበል መብት ይኑረው። የግብሩና የብድሩ መክፈያ ጊዜ ለበልግ ቀበሌዎች ወደ ነሐሴ ይዛወር።

የሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ በእኛ ቀበሌዎች ከየካቲት እስከ ሚያዝያ እንዲቆም ከሚመለከታቸው ጋር ተነጋግረው ያስወስኑልን። የበልግ ምርት ግምገማ እንደ ቀድሞው በሰኔ ይካሄድ፣ ውጤቱም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የበልግ የአየር ትንበያ በወጣ በሳምንቱ በቀበሌው ባለሙያ በኩል በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይነበብልን።

በመጨረሻም ሁለቱ ገጽ መግለጫ ይታረም። ለማረም የሚረዳ የዝናብ ወራት፣ የአዝመራና የሥራ ቀን መቁጠሪያ ከሽማግሌዎች፣ ከሴቶችና ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ሆነን አዘጋጅተናል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘነዋል። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያዎች ለማጣራት ቢመጡ በየካቲት እንዲመጡ እንጠይቃለን፣ በነሐሴ መጥተው በልግ አላየንም እንዳይሉ።

መልሱን በጽሑፍ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እንጠብቃለን። ከዚያ ካለፈ ማሳው አይጠብቀንም፤ ያለ ማዳበሪያ እንዘራለን፣ ቅሬታችንንም ለበላይ አካል እንቀጥላለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀበሌው የበልግ አምራች አርሶ አደሮች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊና የጂኦግራፊ መምህር
ስለ ማኅበሩ አባላት፣ ስለ ቀበሌው ቅሬ ሽማግሌዎችና ስለ ሴቶች የቁጠባ ቡድን
ወሎ፣ ኅዳር

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ነዋሪዎች በሙሉ
በሌሎች የወሎ ወረዳዎች ለሚገኙ የበልግ አምራች ማኅበራት